የቆየ ሕመምና ሁለቱ ደጆች



«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን የአባቶች ምሳሌ የማያውቅ ቤት የለም። እኔም በልጅነቴ ከቄስ ትምህርት ቤት ጀምሮ ስሰማው፣ መምህር ከሆንሁም በኋላ ተማሪዎቼን ሳስጽፈው ኖሬአለሁ። እውነተኛ ትርጉሙን የተረዳሁት ግን በገዛ ቤተሰቤ ላይ ከደረሰው ነገር የተነሣ ነው። ባለፈው ወር ስለ ልጆች ጥናት በጻፍሁበት በዚህ ዓምድ ዛሬ ስለ ቆየ ሕመምና ስለ መድኃኒቱ እንድጽፍ ያስገደደኝም ይኸው ነው። የምጽፈው ሐኪም ሆኜ አይደለም፤ የተሳሳተ የቤት አባል ሆኜ ነው።

በጌዴኦ ምድር የሚኖር ሰው ወገቡ ዕረፍት የለውም። ከዲላ ተነሥቶ በወናጎና በይርጋ ጨፌ በኩል ወደ ሞያሌ የሚወስደውን መንገድ የተከተለ መንገደኛ፣ ዳገቱና ቁልቁለቱ በእንሰትና በቡና፣ ከበላያቸውም በረዣዥም ዛፎች ተሸፍኖ ሲያይ ልቡ ይደሰታል። ይህ የጌዴኦ ባህላዊ መልክአ ምድር በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ እኛም ደስ ብሎናል። ነገር ግን ይህን ውበት ያበጀው የሰው ወገብና ጉልበት መሆኑን የሚያስብ ጥቂት ነው። የቡና ለቀማ ሲደርስ አባወራው ከነልጆቹ ከዳገት ወደ መንገድ ጆንያ ተሸክሞ ይወርዳል። እናቶች በጣውላ ላይ የተጋደመውን እንሰት በቀርከሃ መፋቂያ ሲፍቁ ጎንበስ እንዳሉ ይውላሉ። ቆጮው ለቤተሰቡ ሁሉ ይደርሳል፤ ቁርጥማቱ ግን ለእናት ብቻ ይቀራል።

ለመሆኑ የቆየ ሕመም ማለት ምንድን ነው? የሕክምና ሊቃውንት ከ3 ወር በላይ የዘለቀውን ወይም እየተመላለሰ የሚያሠቃየውን ሕመም ሥር የሰደደ ሕመም ይሉታል። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት 11ኛው የበሽታዎች መዝገብም ይህን ሕመም የሌላ በሽታ ምልክት ብቻ አድርጎ አይተወውም፤ ራሱን የቻለ ስምና ስፍራ ሰጥቶታል። የድንገተኛ ሕመም ሥራ ማስጠንቀቅ ነው። እሾህ ሲወጋን፣ እሳት ሲያቃጥለን ሰውነታችን እንድንሸሽ ይነግረናል። የቆየ ሕመም ግን ዝንጀሮ እየጠበቀ በማሳ ዳር እንደሚጮኽ ልጅ ነው። ዝንጀሮው ከሄደ በኋላም ልጁ ቅጠል በተንቀሳቀሰ ቁጥር መጮኹን አይተውም። እንዲሁም ጅማትና ነርቭ አብዝተው ሲነቁ፣ ቁስሉ ከዳነ በኋላ እንኳ ሕመሙ ይቀጥላል። እንቅልፍ ማጣት፣ ኀዘንና ፍርሃት ደግሞ ጩኸቱን ያበረቱታል። ስለዚህ ምርመራው ምንም አላሳየም ተብሎ ሕመምተኛውን «አስመሳይ» ብሎ መናቅ ከግፍ የሚቈጠር ነው።

አሁን ወደ ቤቴ ታሪክ ልመለስ። አማቴ ከወናጎ በላይ ባለው ቀበሌ የሚኖሩ፣ በሥራና በጸሎት የበረቱ ባልቴት ናቸው። ወገባቸውንና ሁለቱን ጉልበቶቻቸውን ማመም ከጀመራቸው ከ10 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። በመጀመሪያ ወደ ወጌሻ ሄዱ፤ ወጌሻው በቅቤ አሻቸው፤ ለጥቂት ቀን ቀለላቸው። ቀጥሎም ዋግምት ተደረገላቸው። ከዚያም አንድ አዋቂ ነኝ ባይ ወገባቸውን በጋለ ብረት ተኰሳቸው። ጠባሳው እስከ ዛሬ አለ። በዚያው ሰሞን ወደ አንድ የሕክምና ቤት ቢሄዱ፣ የተቀበላቸው ሠራተኛ ጠባሳውን አይቶ በሰው ፊት ተቈጣቸው። እርሳቸውም ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሐኪም ምንም ላለመናገር በልባቸው ቈረጡ።

እኔ የዘመኑን ትምህርት የቀመስሁ በመሆኔ፣ ዋግምቱንም መተኰሱንም ስሰማ «እማማ፤ ይህን የድሮ ነገር ይተዉት፤ እኔ መድኃኒት አመጣልዎታለሁ» አልኋቸው። ከዲላ ዳይክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ያለ ሐኪም ማዘዣ ገዝቼ ወሰድሁላቸው። ሕመሙ ወዲያው ስለ ተወላቸው መረቁኝ። እኔም ምርቃቱ ደስ ስላለኝ በየወሩ እየገዛሁ መውሰድ ልማድ አደረግሁ። 2 ዓመት ያህል እንዲህ ሆነ። በአንድ የዐቢይ ጾም ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየጾሙ ክኒኑን ማለዳ ማለዳ በባዶ ሆዳቸው ይውጡ ነበርና፣ ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ጠቈረ፤ አንድ እሑድም ከቅዳሴ ሲመለሱ ራሳቸውን ስተው ወደቁ።

ወደ ሆስፒታል ስናደርሳቸው ሐኪሙ «የሚወስዱት መድኃኒት አለ ወይ?» ብሎ ጠየቃቸው። «የለም ልጄ» አሉት። እኔ ከኪሴ ባዶ የክኒን ማሸጊያዎች አውጥቼ ሳሳየው እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጨጓራቸው ቈስሎ ሲደማ ኖሯል። ደም ተሰጥቷቸው፣ በእግዚአብሔር ቸርነትና በሐኪሞቹ ትጋት ተርፈዋል። እኔ ግን የተኰሳቸውን ሰው «አላዋቂ» ብዬ ስንቅ፣ እርሱ ካደረሰው ጉዳት የሚበልጠውን በገዛ እጄ እንዳደረስሁ በዚያች ሌሊት ተገነዘብሁ። እርሱ ጠባሳ ተወላቸው፤ እኔ ግን ለሞት አድርሻቸው ነበር።

ዳይክሎፌናክን፣ አይቡፕሮፌንን፣ አስፕሪንንና ዘመዶቻቸውን መርዝ ናቸው አልልም። በልኩና በሐኪም ትእዛዝ ሲወሰዱ ብዙ ሰው ይጠቅማሉ። ነገር ግን ሕመምን የሚቀሰቅሰውን ንጥረ ነገር ሲያግዱ፣ የጨጓራን ግድግዳ የሚጠብቀውንም አብረው ያግዳሉ። ጉዳቱ በደም በኩል ጭምር የሚመጣ ስለ ሆነ፣ ከምግብ በኋላ መዋጥ ወይም በመርፌ መወጋት ፈጽሞ አያድንም። ኩላሊትን ይጎዳሉ፤ የደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋሉ። በተለይ ለአረጋውያን፣ የደም ግፊት፣ የልብ፣ የኩላሊት ወይም የጨጓራ ሕመም ላለባቸው ሁሉ አደጋቸው የበዛ ነው። ፓራሲታሞል ለጨጓራ የተሻለ ቢሆንም ልክ አለው። ለዐዋቂ ሰው ባለ 500 ሚሊ ግራሙ ክኒን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ ማለፍ የለበትም። ጉበቱ የታመመ ወይም ሰውነቱ የመነመነ ሰው ግን ከዚህ ያነሰውን መጠን ከሐኪም ጠይቆ ይረዳ። ትራማዶል ሱስ የሚያስይዝና ሰውን የሚጥል መድኃኒት ስለ ሆነ ከጎረቤት የሚዋሱት ነገር አይደለም። ለራስ ምታት በየቀኑ ማለት ይቻላል ማስታገሻ የሚውጥ ሰውም ማስታገሻው ራሱ የራስ ምታቱ ምክንያት ሊሆንበት እንደሚችል ይወቅ።

እንግዲህ «የሐኪም ቤቱ መድኃኒት ይህን ያህል ጉዳት ካለው ወደ ጥንቱ እንመለስ» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እንዲህም አይደለም። የሀገር ባህል ሕክምናም እንደ ሌላው ሁሉ መልካሙና ክፉው ተቀላቅሎ ይገኝበታል። አስፕሪን ራሱ መነሻው ከአኻያ ዛፍ ቅርፊት ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1897 ዓ.ም. በጀርመን አገር ንጹሕ ሆኖ ተሠራ። የካንሰርን ሥቃይ የሚያስታግሰው ሞርፊንም የሚገኘው ከአበባ ተክል ነው። ስለዚህ የእናቶቻችን ዳማከሴና ዝንጅብል የሚናቅ አይደለም። ልዩነቱ የሐኪሙ መድኃኒት መጠኑ ተለክቶ፣ ጉዳቱም ተመርምሮ የተጻፈ መሆኑ ነው። ጤና አዳም ለነፍሰ ጡር ሴት አደገኛ መሆኑን፣ ነጭ ሽንኩርት አብዝቶ መብላት ደም ለሚያቀጥን መድኃኒት ተጠቃሚ የመድማትን አደጋ እንደሚጨምር የሚያውቅ ስንቱ ነው?

የሞቀ ውሃም ቢሆን ከጥንት የታወቀ ነው። አዲስ አበባ ራሷ በ1879 ዓ.ም. የተቈረቈረችው እቴጌ ጣይቱ ከወደዱት ፍል ውሃ አጠገብ ነው። ከእኛም በስተ ሰሜን ወደ ወንዶ ገነት ፍል ውሃ ቁርጥማት ያለበት ሁሉ ይጓዛል። ሙቀት የተኰማተረውን ጡንቻ ያላላል፤ ሕመሙንም ለጊዜው ያስታግሣል። የእጅ ማሸትም እንዲሁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በኅዳር ወር 2016 ዓ.ም. ስለ ቆየ የወገብ ሕመም መመሪያ ሲያወጣ፣ ማሸትንና በመርፌ የሚደረገውን የሩቅ ምሥራቅ ሕክምና ሳይቀር ሊጠቅሙ ከሚችሉት ውስጥ ጽፏቸዋል። ከሁሉ በፊት ግን ያስቀደመው ሕመምተኛውን ስለ ሕመሙ ማስተማርንና የሰውነት እንቅስቃሴን ነው። በአንጻሩ የወገብ ቀበቶን፣ ወገብን በክብደት መጐተትንና እንደ ሞርፊን ያሉትን ብርቱ መድኃኒቶች ለተለመደው የወገብ ሕመም አይመክርም። በድርጅቱ አገላለጽ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2020 ዓ.ም. በወገብ ሕመም የተያዘው ሰው 619 ሚሊዮን ያህል፣ ማለትም ከ13 ሰው አንዱ ነበር። ስለዚህ የአማቴ ሥቃይ የወናጎ ብቻ አይደለም።

ከባህል ሕክምና መጠንቀቅ የሚገባን የት ላይ ነው? በአንድ ምላጭ ብዙ ሰው በጥቶ ዋግምት ማድረግ የጉበትና የኤች.አይ.ቪ. ቫይረስ ያስተላልፋል። መተኰስ ቁስል እንጂ ፈውስ አይጨምርም። የተሰበረን እጅ ወይም እግር በቀርከሃ አጥብቆ ማሰር የደም መተላለፊያውን ዘግቶ፣ አካሉ እስኪቈረጥ ድረስ ያደርሳል። በዚህ ነገር የሚያጽናና ምሳሌ አለን። በሀገራችን ወጌሾችን ሰብስቦ የአንድ ቀን ትምህርት የሰጠ የቀዶ ሕክምና ሐኪም፣ ከዚያ በኋላ በዚህ ምክንያት የሚቈረጠው አካል እጅግ መቀነሱን በ2005 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በአንድ የሕክምና መጽሔት አስታውቋል። ወጌሻውን በመስደብ ያልተገኘው ነገር በማስተማር ተገኘ ማለት ነው።

ስለ ጠበልም መናገር ይገባኛል፤ በቤተ ክርስቲያን ልጆች ቤት ይህ ጥያቄ ሳይነሣ አይቀርምና። ጠበል መጠመቅ፣ እምነት መቀባት፣ በምሥጢረ ቀንዲል መጸለይ የአባቶች ሥርዓት ነው። ነገር ግን ማን ነው መድኃኒትን አቋርጡ ያለ? በመጽሐፈ ሲራክ 38ኛው ምዕራፍ ሐኪም እንዲከበር፣ መድኃኒትም ከእግዚአብሔር የተሰጠ መሆኑ ተጽፏል። ወንጌላዊው ሉቃስ ሐኪም ነበር። ቅዱስ ጳውሎስም ለደቀ መዝሙሩ ለጢሞቴዎስ ስለ ሆዱ ሕመም ምክር ጽፎለታል። በ1999 ዓ.ም. ብዙ ሕሙማን በእንጦጦ ማርያም ጠበል በተሰበሰቡበት ጊዜ፣ የዚያን ዘመን ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉና የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት እንደማይቃረኑ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን በይፋ አስተምረዋል። እንዲህ ያለውን ትምህርት የሰማ ሰው ጠበል ሲገባ የደም ግፊቱን፣ የስኳሩን ወይም የሚጥል በሽታውን ክኒን ከደጅ ጥሎ አይገባም።

የአማቴን ነገር ባሰብሁ ቁጥር እጅግ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ለሐኪሙ ስለ ወጌሻውና ስለ ጠበሉ አልነገሩም፤ ይቈጣኛል ብለው ፈርተው ነበርና። ለንስሐ አባታቸውም በጾም ማለዳ ክኒን እንደሚውጡ አልነገሩም፤ ጾሜን አፈረስሽ ይሉኛል ብለው ፈርተው ነበርና። በኋላ ካህኑ ነገሩን ሰምተው «ልጄ፤ ለሕመምተኛ ፈቃድ እንዳለ ብትነግሪኝ ኖሮ እነግርሽ አልነበረምን?» ብለው አዘኑ። ሐኪሙም በበኩሉ አዘነ። ሁለቱም ደጆች ክፍት ነበሩ፤ በመካከላቸው የቆመችው ሕመምተኛ ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ነገር ማድረስ አልቻለችም። በሽታውን የደበቀ የተባለው ሰው ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አይደለም፤ በመቈጣት እንዲደብቅ ያደረግነውም ተካፋዮች ነን።

ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ያደረግነውን ባጭሩ ልናገር፤ ለሌላ ቤትም ይጠቅም ይሆናል። ዳይክሎፌናኩ ፈጽሞ ተከለከለ፤ ሲብስባቸው ብቻ ፓራሲታሞል በልኩ ይወስዳሉ። የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያ ያሳያቸውን ልምምድ ጠዋትና ማታ ይሠራሉ። በወንበር ተቀምጠው አንዱን እግር ቀጥ አድርገው አንሥተው እስከ አምስት ቈጥረው ማውረድ፣ አሥር ጊዜ፤ ከዚያም በሌላው እግር መድገም ነው። ይህ የጭን ጡንቻን አበርትቶ ጉልበትን ከሸክም ያሳርፈዋል። የልጅ ልጃቸው አብሮ ስለሚቈጥር እንደ ጨዋታ ሆኖላቸዋል። ምርኩዙን ከሚያመው ጉልበት በተቃራኒው እጅ እንዲይዙ ተማሩ። ለእንሰት መፋቂያው ዝቅተኛ መቀመጫ ተሠራላቸው፤ ግማሽ ሰዓት ከሠሩ በኋላም ተነሥተው ይንጐራደዳሉ። በቅዳሴ መቋሚያ ይይዛሉ፤ ስግደቱን ግን በንስሐ አባታቸው ፈቃድ ራሳቸውን ዝቅ በማድረግ ብቻ ይፈጽማሉ። ማሸቱን አልከለከልናቸውም፤ አንዲት ጎረቤት ሳትጠመዝዝና ሳትጨቁን በቀስታ ታሻቸዋለች። ጠበላቸውንም አልተዉም። አሁን ግን ሁሉንም ለሐኪሙ ይነግሩታል።

ሕመሙ ጠፍቷል አልልም፤ አልጠፋም። ብዙ ጊዜም የቆየ ሕመም ፈጽሞ አይጠፋም። ዳገቱን ወርደው ቤተ ክርስቲያን መሳም፣ ለልጅ ልጃቸው ቡና ማፍላት፣ ሌሊቱን ከእኩሌታው በላይ መተኛት ግን ችለዋል። ሐኪሙ እንደ ነገረን የሕክምናው ዋጋ የሚለካው በዚሁ ነው።

አንዳንድ ሕመም ግን ጊዜ አይሰጥም። ከወገብ ሕመም ጋር ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም የሰውነት መክሳት ከታየ የአከርካሪ ነቀርሳ ሊሆን ይችላል፤ ያልፈላ ወተት በሚጠጣበት ቤት ደግሞ ከከብት የሚተላለፍ በሽታ ይጠረጠራል። እግር ከደነዘዘ ወይም ከሰነፈ፣ ሽንትና ሰገራን መቈጣጠር ካልተቻለ፣ ከውድቀት በኋላ ብርቱ ሕመም ከተነሣ፣ ሰገራ ከጠቈረ፣ ወጌሻም ሱባዔም ሳይጠበቅ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም መሄድ ነው። የስኳር በሽታ እግርን ሲያቃጥል፣ አልማዝ ባለጭራ ከዳነ በኋላም ሲያሠቃይ፣ የተለመደው ማስታገሻ ብዙ አይረዳም። ሐኪሙ አሚትሪፕቲሊን ቢያዝ፣ ይህ የመንፈስ ጭንቀት መድኃኒት ነው ሲባል ሰምታችሁ «እብድ አለኝ» ብላችሁ አትቀየሙት። በትንሽ መጠን የነርቭን ሕመም ስለሚያበርድ ነው።

በዐቢይ ጾም አራተኛውን ሳምንት መጻጉዕ ብለን እንጠራዋለን። ያ ሰው 38 ዓመት በአልጋ ላይ የተኛ የቆየ ሕመምተኛ ነበር። መድኃኒቱ ውሃ ከአጠገቡ ሳለ ያልዳነው ወደ ውሃው የሚያወርደው ሰው ስላልነበረው ነው፤ ለጌታም ያመለከተው ይህንኑ ነበር። በየቤታችንም እንዲህ ያለ ሰው አለ። መድኃኒት ገዝቶ መስጠት ቀላል ነው፤ እኔም አድርጌዋለሁ። አጠገቡ ተቀምጦ «ምን ትወስጃለሽ? ማን ዘንድ ሄድሽ? ምን አሉሽ?» ብሎ ሳይቈጡ መጠየቅና ሰምቶም ከሐኪሙ ዘንድ አብሮ መሄድ ግን ሌላ ነው።

አንባቢ ሆይ፤ በዚህ ሳምንት አንድ ቀን ከእናትህ ወይም ከአባትህ ጎን ተቀመጥ። ከትራሳቸው ሥር ያለውን ክኒን፣ በብልቃጥ ያለውን ቅጠል፣ በዕቃ የተቀዳውን ጠበል ሁሉ በአክብሮት አሳዩኝ በላቸው። በወረቀት ጻፈውና ወደ ሐኪም ስትሄዱ ይዛችሁት ሂዱ። እኔ ይህን ከ2 ዓመት በፊት አድርጌው ቢሆን ኖሮ አማቴ ከቅዳሴ መልስ በመንገድ ላይ ባልወደቁ ነበር።